ለአንዱ ብርሃን፣ ለሌላው ጨለማ፦ አዲሱ የመኪና የፊት መብራትና የሌሊት ጉዞ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በምሽት የተጓዘ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ሸኖን አልፈን ወደ አለልቱ ስንቃረብ ከፊታችን ካለው ዳገት ጫፍ ላይ ወደ ሰማያዊነት ያዘነበለ ነጭ ብርሃን ድንገት ብቅ ይላል። አሽከርካሪያችን ረጅም መብራት የተበራበት መስሎት የራሱን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ በማድረግ ያሳስባል። ከወዲያ የሚመጣውም በምላሹ እውነተኛውን ረጅም መብራት ለቅጽበት ያሳየዋል፤ "እኔ አጭር ላይ ነኝ" ማለቱ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። መኪናዎቹ ይተላለፋሉ። ከተላለፉ በኋላ ግን ለሁለት ሰከንድ ያህል የመንገዱ ዳር፣ በዳሩም አህያውን እየነዳ የሚሄደው ገበሬ ከዓይናችን ይሰወራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ እነዚያ ሁለት ሰከንዶች ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ማለት 44 ሜትር መንገድ በግምት መንዳት ማለት ነው። በዚያ 44 ሜትር ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ ሌላ እንግዳም አለ። በፊት መስታወት ላይ የምትለጠፈውና "ዳሽካም" የምትባለው ትንሽ ካሜራ ናት። አደጋ ሲደርስ ብዙዎች የማይዋሽ ምስክር አድርገው ያቀርቧታል። ታዲያ ዓይናችንን የጋረደው ብርሃን በካሜራዋ ላይ ምን ያደርጋል? ካሜራዋ ያየችውና አሽከርካሪው ያየው ሌሊትስ አንድ ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ከተንግስተን ክር ወደ ሰማያዊ ዲዮድ

ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪና የፊት መብራት ማለት በመስታወት አምፖል ውስጥ የሚግል ቀጭን የተንግስተን ክር ነበር። ዛሬም በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው የሀሎጅን አምፖል በዚሁ መንገድ ይሠራል። 55 ዋት ኃይል ወስዶ 1,500 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ አብዛኛው ኃይል ግን ወደ ሙቀት ይለወጣል። የብርሃኑ ቀለም ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነው።

ኤል.ኢ.ዲ. በመባል የሚታወቀው ብርሃን ሰጪ ዲዮድ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኤሌክትሮኖች በከፊል አስተላላፊ ቁስ ውስጥ ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርዱ ትርፉን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃሉ። ቀይና አረንጓዴ ዲዮዶች ቀደም ብለው ተሠርተው ነበር። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው ዲዮድ ያስፈልግ ነበር። ይህን ችግር የፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የዛሬው ነጭ የመኪና መብራት በመሠረቱ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ዲዮድ ሲሆን፣ በላዩ የተቀባው ፎስፈር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ሁለቱ ተቀላቅለው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ።

በአጭር መብራትነት ኤል.ኢ.ዲ.ን የያዘ መኪና ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ እሱም የሌክሰስ ኤል.ኤስ. 600 ኤች ነበር። ዛሬ ከቅንጦት ዕቃነት ወጥቶ የተለመደ ሆኗል። በአገራችንም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት መታየት ጀምረዋል፤ እነሱም በአብዛኛው ይህንኑ መብራት ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ ሌላ በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡና በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚገጠሙ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎችም አሉ። እነዚህን የኋለኞቹን አንባቢ በልቡ እንዲይዛቸው እንጠይቃለን፤ እንመለስባቸዋለን።

ዓይን በጨለማ ውስጥ

የዓይናችን የኋላ ግድግዳ የሆነው ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። ሾጣጣ የሚባሉት 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ በቀን ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለምንና ረቂቅ ዝርዝርን የሚለዩልን እነሱ ናቸው። ዘንግ መሰሎቹ 120 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ቀለም አይለዩም፣ ነገር ግን በጣም ደካማ ብርሃንን ይይዛሉ። በውስጣቸው ያለው ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲነካው ይፈርሳል፤ በጨለማ ደግሞ ቀስ ብሎ ይታደሳል። ከደማቅ ክፍል ወደ ጨለማ ስንወጣ ዓይናችን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስደው ለዚህ ነው።

በሌሊት የሚነዳ ሰው በሁለቱ መካከል ነው ያለው። የራሱ መኪና መብራት ሾጣጣዎቹ በከፊል እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ዘንግ መሰሎቹም የዳሩን ጨለማ ይጠብቃሉ። በዚህ መሐል ከፊት ለፊት ብርቱ ብርሃን ሲመጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደርሱበታል።

የመጀመሪያው የማየት ችሎታ መቀነስ ነው። የዓይን ሌንስና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፍጹም ጥርት ያሉ ስላልሆኑ ከሚገባው ብርሃን ጥቂቱ ይበተናል። የተበተነውም ብርሃን በሬቲና ላይ እንደ ስስ ነጭ ሻሽ ተዘርግቶ ምስሉን ሁሉ ያደበዝዘዋል። የዚህን ሻሽ ድምቀት ለማስላት ቀላል ቀመር አለ፦ ወደ ዓይን የሚደርሰውን ብርሃን በሉክስ ወስደን በ10 እናባዛለን፤ ከዚያም በመብራቱና በምናየው ነገር መካከል ባለው የማዕዘን ዲግሪ ስኩዌር እናካፍላለን።

ለምሳሌ ያህል አቅጣጫው የተበላሸ መብራት ወደ ዓይናችን 1 ሉክስ ላከ እንበል። ከመብራቱ በ6 ዲግሪ ርቆ በመንገዱ ቀኝ ዳር በሚሄድ ሰው ላይ የሚወድቀው ሻሽ 0.28 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይሆናል። መንገድ ለማቋረጥ ወደ መሐል የገባና ከመብራቱ 2 ዲግሪ ብቻ የራቀ ሰው ላይ ግን 2.5 ይሆናል፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ጥቁር ጋቢ የለበሰ ሰው በእኛ መብራት 10 ሉክስ ቢያገኝና ልብሱ ከዚያ 5 በመቶውን ብቻ ቢመልስ የራሱ ድምቀት 0.16 ያህል ነው። እንግዲህ ሻሹ ከሰውየው ከ15 እጥፍ በላይ ይደምቃል። አሽከርካሪው ዓይኑን ከፍቶ፣ ልቡም መንገዱ ላይ ሆኖ፣ ሰውየውን ላያየው ይችላል።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በተቀበለው ስሌት መሠረት የ70 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚፈጠረው ሻሽ ከ20 ዓመት ወጣት ዓይን ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ይቸገራል። አባቶቻችን "ማታ መንዳት ትቻለሁ" ሲሉ ስንፍና አይደለም፤ ፊዚክስ ነው።

ሁለተኛው ምቾት ማጣት ነው። ዓይናችን ይጨፈናል፣ ፊታችንን እናዞራለን፣ እንናደዳለን። ይህ ስሜት ከማየት ችሎታ መቀነስ የተለየ ነው። መጠኑ እኩል የሆነ ብርሃን ሻሽ በመፍጠር ረገድ ቀለሙ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ በምቾት ረገድ ግን ወደ ሰማያዊነት ያዘነበለው ከቢጫው ይልቅ ያስከፋል። ከትንሽ ነጥብ የሚወጣ ብርሃንም ከሰፊ ገጽ ከሚወጣው ይልቅ ይወጋል። ኤል.ኢ.ዲ. ሁለቱንም ጠባይ ይዟል። ስለዚህ አሽከርካሪያችን በአጭሩ መብራት ላይ "ረጅም ነው" ብሎ መቆጣቱ አያስገርምም።

ጥፋቱ የብርሃኑ ብዛት ነው ወይስ አቅጣጫው?

ከላይ የተባለውን ያነበበ ሰው "እንግዲያው ወደ ድሮው አምፖል እንመለስ" ሊል ይችላል። ፍርዱ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመኪኖችን የፊት መብራት እየፈተነ ደረጃ ይሰጣል። ተቋሙ በ2021 ባወጣው ጥናት "ጥሩ" የተባለ መብራት ያላቸው መኪኖች "ደካማ" ከተባሉት ይልቅ በሌሊት እግረኛ የመግጨት መጠናቸው በ23 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ፤ ጥሩ የሚለውን ደረጃ ለማግኘት መንገዱን ማብራት ብቻውን አይበቃም። ከፊት የሚመጣውን ማጥበርበር ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ ብርቱ ብርሃን ሕይወት ያድናል፤ የሚያድነው ግን መንገዱ ላይ ሲወድቅ እንጂ ሰው ዓይን ውስጥ ሲገባ አይደለም።

አጭር መብራት ከላይ በኩል እንደ ቢላዋ የተቆረጠ ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች ደማቅ፣ ከወሰኑ በላይ ጨለማ ነው። ይህ ወሰን በተለመደው አሠራር በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይስተካከላል። መብራቱ ከመሬት 70 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ወሰኑ 50 ሜትር ላይ ሲደርስ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ማለትም ከሚመጣው መኪና መከላከያ በታች ይቀራል።

አሁን መብራቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ላይ ተቃና እንበል። አንድ ዲግሪ በ50 ሜትር ርቀት 87 ሳንቲሜትር ያህል ያነሣል። ወሰኑ ከመሬት 1 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል፤ ይህም በትንሽ አውቶሞቢል የተቀመጠ አሽከርካሪ ዓይን አጠገብ ነው። ከወሰኑ በታች ያለው ደማቅ ክፍል በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ አንድ ዲግሪ አጭሩን መብራት ለሚመጣው ሰው ረጅም ያደርገዋል።

ለመሆኑ አንድ ዲግሪ እንዴት ይመጣል? በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር የሆነ መኪና ከኋላው 4.5 ሳንቲሜትር ቢረግጥ አፍንጫው በዚያው ልክ ይነሣል። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የጤፍ ጆንያ ሲገባ ሱስታው ይህን ያህል መርገጡ የተለመደ ነው።

ከፍ ሲል ያቆየነው የተገጣጠመ አምፖልም እዚህ ላይ ይመጣል። በሀሎጅን መብራት ውስጥ ከአምፖሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ ጎድጓዳ ሳህን የተቀረጸው ያ ቀጭን ክር በሚቀመጥበት ትክክለኛ ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ነው። በክሩ ቦታ መጠኑም ቅርጹም የተለየ የዲዮድ ቺፕ ሲተካ ሳህኑ ብርሃኑን ወደታሰበለት ቦታ መላክ አይችልም። ወሰኑ ይጠፋና ብርሃኑ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበተናል። ባለቤቱ ከአፍንጫው ሥር ያለው መንገድ ስለደመቀለት "ፓውዛ ሆነልኝ" ይላል፤ ሩቅ የሚያይበት ግን ሊቀንስ ይችላል፤ ከፊቱ የሚመጣው ደግሞ ይታወራል። በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ መብራትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ወሰኑ የመንገዱን ዳር ለማሳየት ወደ ግራ ከፍ ስለሚል፣ እንደኛ በቀኝ በሚነዳበት አገር በቀጥታ የሚመጣውን ሰው ይመታል።

ካሜራዋ የምታየው ሌላ ሌሊት

ወደ ምስክሯ እንመለስ። የአንድ ተራ ካሜራ ሴንሰር በአንድ ምስል ውስጥ ሊይዘው የሚችለው የድምቀት ልዩነት 1,000 እጥፍ አካባቢ ነው፤ በመሐንዲሶች ቋንቋ 60 ዴሲቤል ይባላል። በሌሊት መንገድ ላይ ግን አቅጣጫው በተበላሸ መብራትና ጥቁር በለበሰ እግረኛ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ካሜራዋ መምረጥ አለባት። መብራቱ ብቅ ሲል የምትቀበለውን ብርሃን በራሷ ትቀንሳለች፤ ያን ጊዜ እግረኛው በጥቁሩ ውስጥ ይሰጥማል። ካልቀነሰች ደግሞ መብራቱ ትልቅ ነጭ ጉብታ ሆኖ ሰሌዳውን፣ የመኪናውን ቀለም፣ አንዳንዴም መኪናውን ራሱን ይሸፍናል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች አጭርና ረጅም ምስሎችን አዋህደው ይህን ልዩነት ለማስፋት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል የተንቀሳቀሰ ነገር ድርብ ጥላ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በሌሊት ካሜራዋ በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ መስኮቷን እስከ 1/30 ሰከንድ ድረስ ክፍት ታደርጋለች። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ 74 ሳንቲሜትር ይንቀሳቀሳል። በቤታችን በግልጽ ይነበባል ብለን የገዛነው ካሜራ በሌሊት የሰሌዳ ቁጥር የማያሳየን በዚህ ምክንያት ነው።

የኤል.ኢ.ዲ. ሌላው ጠባይ ብልጭ ድርግም ማለቱ ነው። ብዙዎቹ የቀንና የኋላ መብራቶች ድምቀታቸው የሚወሰነው በሰከንድ መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ በመብራትና በመጥፋት ነው። ዓይናችን ያቀላቅለዋል፤ ካሜራ ግን አያቀላቅለውም። ከ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመገብና ፍሰቱ ያልተስተካከለለት የትራፊክ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይጠፋል። በሰከንድ 25 ምስል የምታነሣ ካሜራ በእያንዳንዱ ምስል መካከል በትክክል አራት ዙር ታልፋለች። በቀን፣ መስኮቷ 1/1000 ሰከንድ ብቻ ሲከፈት፣ ሁልጊዜ በጠፋበት ቅጽበት ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ያን ጊዜ በቪዲዮው ላይ ቀዩ መብራት ጨርሶ የጠፋ ይመስላል። በዚያ ቪዲዮ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ፍርድ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ምስሉ ሲመሰክር

ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በቴምፒ ከተማ፣ ኡበር ይሞክረው የነበረ ራሱን የሚነዳ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ከቀናት በኋላ ፖሊስ የመኪናውን ካሜራ ቪዲዮ ለሕዝብ አወጣ። በቪዲዮው ላይ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ሴትዮዋ ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከምንም የወጣች ትመስላለች። ብዙ ተመልካች "ማንም ሰው ሊያድናት አይችልም ነበር" አለ። ነገር ግን ሌሎች ሰዎች በዚያው መንገድ በሌሊት እየነዱ በራሳቸው ካሜራ ሲቀርጹ መንገዱ የመንገድ መብራት ያለውና ከዚያ ይልቅ በጣም ብሩህ ሆኖ ታየ።

ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 እንዳስታወቀው፣ የመኪናው ራዳርና ሌሎች መሣሪያዎች ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት ለይተዋት ነበር። እንድትቆጣጠር በመኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። ጨለማው በከፊል የካሜራው ጨለማ ነበር።

በተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። ደካማ ብርሃንን አጉልታ የምታሳይ ካሜራ ደግሞ በሻሽ የተጋረደው አሽከርካሪ ከቶ ያላየውን እግረኛ በግልጽ ታቀርበዋለች። "ይኸው እየታየ ገጨው" ይባላል። በሁለቱም ወገን ምስሉ የሚመሰክረው ሴንሰሩ ምን እንዳየ እንጂ ሰው ምን ማየት ይችል እንደነበር አይደለም። በቪዲዮ ላይ አልታየም ማለት በመንገዱ ላይ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በቪዲዮ ላይ ታየ ማለትም ለዓይን ታይቶ ነበር ማለት አይደለም።

ምን እናድርግ?

በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚመጣውን መኪና በካሜራ ለይቶ፣ ብርሃኑን በእሱ አቅጣጫ ብቻ የሚያጠፋ ረጅም መብራት ይገኛል። በአውሮፓ ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ተፈቅዷል። እሱን እስክንጠብቅ ግን በእጃችን ያለው ብዙ ነው።

አንደኛ፣ መኪናውን በሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀን አቁመን አጭሩን መብራት እናብራ። ወሰኑ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካልታየ ጋራዥ ወስደን እናስተካክል። ወሰን ጨርሶ ካልታየ አምፖሉ ለዚያ ሳህን አልተሠራምና ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከመሪው አጠገብ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የሚል ትንሽ ማዞሪያ ካለ ጭነት ስንጭን መብራቱን ዝቅ የምናደርግበት ነው፤ እንጠቀምበት። ሦስተኛ፣ የፊት መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም እንወልውል፤ አቧራና ስብ ከዓይናችን ሌንስ በፊት ሌላ ሻሽ ይዘረጋሉ። አራተኛ፣ "የሌሊት መነጽር" ተብሎ በሚሸጠው ቢጫ መነጽር አንታለል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እግረኛን ለማየት እንደሚረዳ ማረጋገጫ አላገኘለትም፤ የሚቀንሰው የምንፈልገውንም ብርሃን ነው። አምስተኛ፣ ብርሃን ሲመጣብን ፍጥነት ቀንሰን ዓይናችንን ወደ ቀኙ የመንገድ ዳር እናሳርፍ። ዳሽካም ያለን ደግሞ የመርገብገቢያ ምርጫውን በአገራችን መስመር ልክ 50 ኸርዝ ላይ እናድርግ፤ አደጋ ቢደርስም ዋናውን ቅጂ ሳንነካ እናስቀምጥ።

ለማጠቃለል ያህል፣ የፊት መብራት የግል ንብረት ቢመስልም የሚወድቅበት ቦታ የጋራ ነው። የምንገዛው ለራሳችን ዓይን ነው፤ ዋጋውን ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከወዲያ የሚመጣው ሰው ነው። ከእሱም በኋላ፣ በእነዚያ 44 ሜትሮች ውስጥ አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ነው። እሱ መብራትም ካሜራም የለውም። አንድ ዲግሪ ዝቅ ብናደርግለት ግን ይታያል።